የኑሀ አሥራ ሁለተኛ መኪና

ሙንተሲር ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለ ጋራዥ ላሜራ ይሠራል። የተጋጨ በር ያቃናል፤ የዛገ ወለል ይበይዳል። ማታ ሲገባ ልጁ ኑሀ አልጋዋ ላይ ሆና ትጠብቀው ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሕመሙ ከእግሯ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

ጨዋታው የተጀመረው በስልኩ ነው። አንድ ማታ የመኪና ውድድር አሳያት።

«ይቺ ፔጆ ናት» አላት።

«ውሸት! ዓይኗ የታለ? የተረገጠ ዓሣ ነው የምትመስለው።»

ኑሀ የምታውቀው ፔጆ ከዋጃ ሽንኩርት ጭኖ የሚመጣውን አሮጌውን 404 ነው። በሳምንቱ ደብተሯን ዘርግታ ጠበቀችው። የውድድሯ ፔጆ የ404ን ክብ ዓይኖችና ከኋላ ሾል ያሉትን ክንፎች ለብሳ ተስላለች።

«ማን ሳላት?»

«እኔ ነኛ!»

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ አንድ መኪና ትጨመር ነበር። የውድድሯ ቶዮታ የድሮዋን ላንድክሩዘር ፊት ይዛ፣ ጣሪያዋ ላይ ጀሪካን አስራ መጣች። ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ነበሩ። በየመስመሩ ቀለሙ ወደ ቀኝ ተጎትቷል፤ የመዳፍ ጠርዝ ገና ያልደረቀ መስመር ላይ ሲያልፍ እንደሚያደርገው።

«እጅሽን አንሺ እንጂ» ይላት ነበር። ትስቅበታለች።

ለዒድ እናቷ ጀዊሪያ የምትጽፍበትን ቀኝ መዳፏን ሒና ቀባቻት። ሒናው ሌላ ቀለም ሳይነካው ደብዝዞ አለቀ። ማንኪያ ከእጇ መውደቅ ሲጀምር እናቷ ታጎርሳት ጀመር። ሥዕሎቹ ግን እያማሩ ሄዱ።

«ጉልበቴን ለመኪኖቹ ነው የማጠራቅመው፣ አባ» አለችው ኑሀ።

አመናት።

አሥራ ሁለተኛዋ ቮልስ እንድትሆን ተስማምተው ነበር። ሙንተሲር መንዳት የተማረው በቮልስ ነው። «የውድድር ቮልስ! ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት። ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

ኑሀ የሞተችው አሥራ አንደኛዋ እንዳለቀች ነው።

ሙንተሲር ከቀብሩ በኋላ በየማታው ደብተሩን ይከፍታል። አውራ ጣቱን የተጎተተው ቀለም ላይ ያሳርፋል። የልጁ መዳፍ የቀረው እዚያ ብቻ ነው።

ሰደቃዋ ከወጣ ከሁለት ወር በኋላ ሥዕሎቹን ያሳየው የነበረው የሥራ ባልደረባው ታምሬ ከመኪና ሥር ወጥቶ ጠራው።

«ሙንቴ፣ ያንተ ፔጆ ትምህርት ቤት ገብታለች።»

«ምን ትቀባጥራለህ?»

«እናቴ ትሙት! ግድግዳ ላይ ናት። ላንድክሩዘሯማ ጀሪካኗን እንኳ አልጣለችም።»

ሙንተሲር በሥራ ልብሱ ሄደ። የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ መኪኖቹ ተሰልፈዋል። ቆጠራቸው። አሥራ ሁለት። የመጨረሻዋ ቮልስ ናት፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣዋ ከፊት። ከታች «ሠዓሊ፦ መምህር ተዋቸው» ይላል።

ተዋቸው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። ኑሀ ከክፍል ከቀረች ወዲህ ከሰዓት በኋላ እቤት እየሄደ ያስተምራት ነበር። ሙንተሲር በዚያ ሰዓት ጋራዥ ነው፤ ሰውየውን ያገኘው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዱ ቀብር ላይ።

«ስሙን እኔ አይደለሁም ያስጻፍኩት» አለ ከኋላው የመጣው ተዋቸው።

«መኪኖቹስ የማን ናቸው?»

መምህሩ ግድግዳውን አየ። «የኑሀ ናቸው።»

«ታዲያ ሰረቅሃታ! የሞተች ልጅ!»

ተዋቸው ጎንበስ ብሎ ስሙን በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ።

ማታ ሙንተሲር ምግብ አልቀመሰም። «እንደ ወንድም ቤቴ አስገባሁት» አላት ጀዊሪያን። «ምስጢራችንን ከልጄ አፍ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ሽማግሌ ፊት ይቁም። ሰርቄያለሁ ብሎ ይፈርም።»

«ተወው፣ የኑሀ አባት። እንግዳ ሰው ነው።»

«ይፈርማል አልኩሽ።»

«ግድግዳውን ያጥፋው፣ ይበቃል። ብቻ አታስፈርመው።»

«አንቺ ከማን ጋር ነሽ?»

ጀዊሪያ ፊቷን አዞረች። ሙንተሲር በዚያ ቀን ሁለት ሰው እንደከዳው ቆጠረ።

ዓርብ ዕለት ተዋቸው ራሱ ኖራ በጥብጦ ግድግዳውን ቀባ። ተማሪዎች ቆመው አዩት። አንዷ አለቀሰች። ከአሥራ ሁለቱ መኪኖች አንድም አልተረፈም። መምህሩ የዝውውር ማመልከቻ አስገባ ተባለ።

ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሼህ ዘይኑዲን ግቢ ተቀመጡ። ሙንተሲር ደብተሩን ከጉያው አውጥቶ ዘረጋ።

«እዩት። ይቺ የተጎተተችው ቀለም የልጄ መዳፍ ናት። የዓለም ሠዓሊ ቢሰበሰብ ይቺን አይሰርቃትም።»

ሼሁ መነጽራቸውን አስጠግተው አዩ። «አላህ ይርሀማት» አሉ። ወደ ተዋቸው ዞሩ። «መምህርዬ፣ የምትለው ካለ በል። ሰው ተከሶ ዝም አይልም።»

«የምለው የለኝም፣ አባቴ።»

«አልሰረቅሁም አትልም?»

«ለአንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ። ወረቀቱን ስጡኝ።»

«ጉድ ነው» አሉ ጎናቸው የተቀመጡት ሽማግሌ አቶ አባይ። «የኛ አገር ሌባ እንኳ አንድ ሁለቴ ይዋሻል።»

ወረቀቱ ተነበበ። ሙንተሲር በሰማያዊ እስክሪብቶው ቀድሞ ፈረመ፤ ደብተሩን እንደተዘረጋ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስክሪብቶውን አቀበለው።

ተዋቸው በአክብሮት በቀኝ እጁ ተቀበለ፤ ወደ ግራው አዛውሮ ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ጻፈ፤ መዳፉም ገና ያልደረቀውን ቀለም ወደ ቀኝ እየጎተተ አለፈ።