ያልታጠበው ደረጃ

ፋርማሲስቷ የጋራ ሕንፃውን ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቆመችው ጥቅሙን መዝና ነው። አምፖል ቢቃጠል የሚቀይር፣ ቧንቧ ቢያፈስ የሚደርስ የለም፤ ከመዋጮው የምታገኘው የደረጃ ጽዳት ብቻ ነበር።

"የራሴን ደጃፍ ራሴ እጠርጋለሁ" አለች ለማኅበሩ ሰብሳቢ።

"ከመድኃኒቱ ጎን መጥረጊያም ልትቀምሚ ነዋ፣ እህቴ!" ብለው ሳቁ ሰብሳቢው። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረጉት። "ብቻ አደራ፣ ሳይጠረግ አይደር።"

በሥራና አልጋ በያዙ እናቷ መካከል ግን ለመጥረጊያ ጊዜ አላገኘችም። ከእናትና ልጅ በቀር ማንም የማይኖርበት የላይኛው ፎቅ አቧራ ለበሰ። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ፣ አቧራው ላይ የባዶ እግር ዱካ አየች። ከደረጃው ተነሥቶ በቀጥታ ወደ በሯ ይሄዳል። የመመለሻ ዱካ የለም። በሩ ስትወጣ እንደቆለፈችው ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ ከታች ስትወለውል ነበርና ጠራቻት።

"እዚህ ማን ወጥቶ ነበር?"

ሴትየዋ ጥቂት ደረጃዎች ሲቀሯት ቆመች። "እትዬ፣ በየማለዳው የማጥበው እኮ የእርሱን ዱካ ነበር። ሳጥብበት መንገዱ ይጠፋዋል መሰለኝ፣ እንደገና ከታች ይጀምራል።" ዱካው የት እንደደረሰ አየች፤ ባልዲዋንም አንሥታ ሳትሰናበት ወረደች።

ፋርማሲስቷ ቁልፉን አዞረች።

"እማዬ?"

"ቀስ በይ፣ ልጄ" አሉ እናቷ ከመኝታ ቤት በሹክሹክታ። "እጄን እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶታል።"