ያዘለውና የታዘለው

ሰበታ ላይ፣ ከጅማ መንገድ ዳር፣ በጦርነቱ ለወደቁ የከተማዋ ልጆች ሐውልት ቆመ። ገና አልተመረቀምና በሸራ ተሸፍኖ እሑድን ይጠብቃል። ሸራው ሥር ያለው ግን የአደባባይ ምስጢር ነው፤ ሲሠራ አገር ምድሩ ቆሞ አይቶታል። አንድ ወታደር የቆሰለ ጓደኛውን አዝሎ ይራመዳል።

ዘበኛው ሲቀጠር ሊቤ እባላለሁ፣ የቡራዩ ልጅ ነኝ አለ። ግማሽ ፊቱን እሳት በልቶታል። ጉሮሮውን ፍንጣሪ መትቶት የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። እንዲህ ሆኖ ከግንባር የተመለሰን ሰው ዋስ አምጣ ለማለት ማንም አልደፈረም።

በሥራው አይታማም። ሸራው ባልሸፈነው መቆሚያ ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ስሞች በየጠዋቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። አንዱን ስም ብቻ ሳይነካ ያልፈዋል። የሚያልፈው ስም «ዋቆ ባጫ» ይላል።

የዋቆ እናት አዴ ተረፈች ዓይነ ስውር ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሐውልቱ በኩል ያልፋሉ። የምትመራቸው ጎረቤታቸው ማሪቱ ናት፤ እጇ ደግ ነው፣ አፏ ግን አያርፍም።

መጀመሪያ የመጡ ቀን አዴ ተረፈች ኮቴ ሰምተው ቆሙ።

«ማነው?»

«ዘበኛው ነኝ፣ አዴ።»

አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ። «ስምህ ማነው?»

«ሊቤ።»

«እሺ፣ ሊቤ እንበልህ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ጨጨብሳ ይዘውለት መጡ። «በርበሬ አላደረግሁበትም» አሉት። ዘበኛው ጉሮሮው በርበሬ እንደማይችል ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ድምፄን ሰምተው አዝነውልኝ ነው ብሎ አሰበ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው። ከሳቸው እጅ ምግብ ሊቀበል የማይገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ግን ራበውና በላ።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ መምጣቱን አላቋረጠም።

አንድ ቀን አሮጊቷ ስሞቹን በጣታቸው ሲዳስሱ ማሪቱ ወደ ዘበኛው ጠጋ አለች።

«መርዶ የተረዱ ዕለት ያለቀሱትን ልቅሶ ሰበታ አትረሳውም» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቁር ከላያቸው አልወረደም ነበር። አሁን ሐውልት ሲቆምላቸው ምን አደረጉ? ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ነጠላ! ቄሱ ለእሑዱ ፍታት የዋቆን የክርስትና ስም ቢጠይቋቸው እንኳ አልሰጥም ብለው መለሷቸው። አየህ፣ የጀግና እናት መባሉ ራሳቸውን አዙሮታል።»

«ተያቸው» አለ ዘበኛው። «ጥፋቱ የሳቸው አይደለም።»

የማን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

አዴ ተረፈች ድንጋዩን ዳስሰው ሲጨርሱ ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። «ሐውልቱ ልጄን ይመስላል?»

«የማንንም ፊት አይመስልም፣ አዴ።»

«ዋቆ የቱ ነው? ያዘለው ነው የታዘለው?»

ሳህኑን ከጭኑ አውርዶ መሬት አኖረው። «ሁለቱንም አይደለም።»

«እንዲህ በል» አሉ አሮጊቷ፤ ሌላም አልጠየቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ሰው መጣና ትእዛዝ ሰጠው። ነገ ሸራውን የሚገልጡት አዴ ተረፈች ናቸው። ገመዱን የሚያስይዛቸው ዘበኛው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው ፎቶ ያነሷቸዋል፤ የጀግና እናትና ከግንባር የተረፈ ወታደር።

ሰውዬው እንደሄደ ዘበኛው ልብሱን በፌስታል ከተተ። ሄዶ ሊጠፋ ነበር። ደግሞ ያለ ምንም ቃል መሄድ ሁለተኛ ሽሽት ሆነበት። አንዱም ሽሽት እንቅልፍ ነስቶታል። ተናግሬ እሄዳለሁ ብሎ ተቀመጠ።

አዴ ተረፈች ያን ቀን ማሪቱን አላስከተሉም። በከዘራቸው መንገዱን እየነኩ መጥተው አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ሳህኑን በመሃላቸው አኖሩት።

«አዴ፣ ነገ እኔን አያገኙኝም።»

«ምነው?»

«እዚህ ሐውልት ሥር መቆም የማይገባኝ ሰው ነኝ» አለ። እንባው ቀደመው። «ጓደኛዬ ቆስሎ ወድቆ በስሜ ጠራኝ። ደጋግሞ ጠራኝ። ሰማሁት። እንደዚህኛው ወታደር አላዘልኩትም፤ ጥዬው ሸሸሁ።»

በጅማ መንገድ አንድ ሲኖትራክ እያጓራ አለፈ። አሮጊቷ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ። ዘበኛው እርግማኑን ለመቀበል አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«ለእናቱ ነገርካት?»

«አፌ እምቢ አለኝ፣ አዴ።»

«ትነግራታለህ» አሉ። «ከእግሯ ሥር ወድቀህ፣ የልጇን ስም መልሰህ ትነግራታለህ። እኔም አብሬህ እወድቃለሁ።»

ዘበኛው ቀና ብሎ አያቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ሰድደው ፌስታሉን አገኙት፤ ከአጠገቡ አንስተው ከኋላቸው አስቀመጡት። ከዚያ ሳህኑን ገለጡና ወደ እሱ ገፋ አደረጉት።

«ማሪቱ ስለ ፍታቱ ያማችኝን ሰምቻለሁ» አሉ። «ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ መቼ ታወረ።»

«አዴ...»

«ለቁም ሰው ፍታት አይደረግም። በል ብላ፣ ዋቆዬ።»