ኔትወርክ የመጣ ዕለት

ከፖላንድ በመመለሴ ደግ አደረግሁ ወይስ ተሳሳትኩ? ሰው ሲጠይቀኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ሐዋሳ ያለው ቢሯችን ኢንተርኔት ከተቋረጠበት ሰንብቶ ነበር። የምጽፈውን የፕሮግራም ኮድ የማስቀምጠው የራሴ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ለውጥ አጭር ማብራሪያ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ማን ያነበዋል ብዬ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ስለምትሠራው ስለ ቤዛዊት ያሻኝን ጻፍኩ። «የመግቢያው ገጽ ተስተካክሏል። ቤዛዊት ዛሬ ቢጫ ለብሳለች።» «ስህተቱ ተገኝቷል። እሷ ባትኖር ተመልሼ ሄጄ ነበር።»

ኔትወርኩ ሲመጣ አለቃችን አቶ ደርቤ «በሉ፣ ሥራችሁን ወደ ጋራ ሰርቨሩ ላኩ!» አሉ። ላክሁ። ማብራሪያዎቹም አብረው እንደሚሄዱ፣ መላው ቢሮ እንደሚያነባቸው ያኔ ትዝ አለኝ።

ደግነቱ ሰርቨሩ አልቀበልም አለ። ሌላ ሰው ቀድሞኝ ስለላከ መጀመሪያ የእሱን ማውረድ ነበረብኝ። እፎይ! የእኔን ማብራሪያዎች እስከዚያ አጠፋቸዋለሁ።

ያወረድኩት የቤዛዊትን ነበር። «ሪፖርቱ አልቋል። ፖላንዱ ዛሬም እኔን ሲያይ በሩን ገጨ። መቼ ይሆን የሚናገረው?» ቢሮ ውስጥ ፖላንዱ የሚሉት እኔን ነው።

አንድ ቃል ሳልሰርዝ የእኔንም አስከትዬ ላክሁ።

ከወዲያኛው ጠረጴዛ «አንተ! ቢጫ አይደለም እኮ፣ ሰናፍጭ ነው!» የሚል የቤዛዊት የሳቅ ድምፅ ተሰማ።

እኔና ቤዛዊት ከቢሮ ሹልክ ብለን ሐይቁ ዳር ስንደርስ አቶ ደርቤ «ሁለታችሁም የት ገባችሁ?» ብለው በስልክ ጻፉልን። ሁለታችንም ስልካችንን አጠፋን።