ጨው የጎደለው ባሕር

ዛይቶን ፎጣውን ባልዲው ላይ ጠምዝዛ መልሳ ከመስታወቱ የዓሣ ገንዳ ሥር ወሸቀችው። ከማዕዘኑ የሚወርደው ውሃ ቀጥኖ ቢታይም አልቆም ብሏል። ስዊ ኪም ከላይ በጆግ እየቀዳች ትገለብጣለች፤ ሳሎኑ በድስትና በሳፋ ተሞልቷል፤ ብርቱካናማዎቹ ሁለት ዓሦች የሩዝ ማብሰያው ውስጥ ገብተው ይሽከረከራሉ።

"ያ ቀጫጫ ባልሽ ሞቶም ያሠራኛል" አለች ዛይቶን። በሻሿ ላይ የኖራ ብናኝ ነበር። ከታችኛው ፎቅ የመጣችው የመኝታ ቤቷ ኮርኒስ በውሃው ርሶ አልጋዋ ላይ ስለወደቀባት ነው።

"ኮርኒሱን አሠራልሻለሁ እትዬ ዛይቶን። አልጋሽንም አጥብልሻለሁ።"

"አልጋው ይደርሳል። ይልቅ አበባሽን አውጪያት።"

አበባ የሚሏት አበባ አይደለችም፤ የባሕር ፍጥረት ናት። አንድ ሥጋማ እግር አላት፤ ከላይ ጣት የሚመስል ብዙ ነገር ታወዛውዛለች። የስዊ ኪም ባል ቡን ቴክ ያመጣት ልጃቸው ሳይወለድ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ ከልጁ በፊት ስለ እሷ ይጠይቅ ነበር። ሚስቱን አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሏት ሞተ፦ "ውሃው ሲጎድል ንጹሕ ውሃ ጨምሪ። ጨው እንዳትነኪ። ሙቀት ውሃውን ይወስዳል እንጂ ጨውን አይወስድም።" ስዊ ኪምም ቃሉን አላጎደለችም። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ አንድ ጆግ ንጹሕ ውሃ ትጨምር ነበር።

እሱ ከሞተ ወዲህ ግን አበባዋ ተኮማተረች። የጀበና ክዳን ታክል ቀረች፤ ጣቶቿን ሰብስባ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ትውላለች። የሐዘኑ አርባ ዘጠኝ ቀን ሲያልቅ ልጇ ከክንዱ ላይ የሐዘን ጨርቁን ፈትቶ ወደ ኳላ ላምፑር ተመለሰ። እህቶቿም "በቃሽ እንግዲህ፣ ሰውም ይታዘብሻል" አሏት። ስዊ ኪም ለማንም አትናገረው እንጂ ማታ ማታ ገንዳው ፊት ትቀመጥና "አንቺስ አልበቃሽም አይደል?" ትላት ነበር። ያችን የተኮማተረች ነገር ስታይ ልቧ ይረጋ ነበር፤ ቢያንስ በዚህ ቤት አብሯት ያዘነ አለ።

ገንዳው ሲቀልል ሁለቱ ሴቶች ከነመቀመጫው ገፉት። ከጀርባው ግድግዳውና ወለሉ ነጭ ቅርፊት ለብሰዋል፤ ጨው ነው፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

ዛይቶን የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። ጣቷን ገንዳው ውስጥ ነክራ ላሰችው። ከዚያ እንደገና ላሰች።

"ስዊ ኪም፣ ይሄ ባሕር አይደለም" አለች። "ሾርባ እንኳ ከዚህ ይሻላል።"

ስዊ ኪም ቀመሰች። ጨውነቱ ለምላሷ እምብዛም አልተሰማም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ገንዳው ከኋላ በስንጥቁ ጨዋማውን ሲያወጣ እሷ ከፊት ንጹሑን ስትጨምር፣ መስታወቱ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይታይ ነበር። አንድም ቀን አልጠረጠረችም። የገንዳውን ጠርዝ ያዘች።

"በገዛ እጄ" አለች። "ጠዋት ጠዋት እየተነሣሁ፣ በገዛ እጄ።"

"አልሞተችም እኮ። ነይ እናላቃት፤ ቶሎ በይ፣ ውሃው እያለቀ ነው።"

ሁለቱም እስከ ክርናቸው ገቡ። የአበባዋ እግር በግድ ቢጎተት ይቀደዳል፣ ከተቀደደ ደግሞ አለቀላት ማለት ነው። ስዊ ኪም በጥፍሯ ጫፍ ከመስታወቱ ጥቂት በጥቂት ታላቅቃለች፤ ዛይቶን ከሥር መዳፏን ዘርግታ ትጠብቃለች።

"ሐዘን መስሎኝ ነበር" አለች ስዊ ኪም ቀና ሳትል። "እሱን አጥታ የምትመነምን መስሎኝ ነበር። ለካ ጨው አጥታ ነው።" ጥፍሯን እንደገና ከአበባዋ ሥር አስገባች። "ለካ ብቻዬን ነበርኩ።"

ዛይቶን "ኮርኒሴ የሚያንጠባጥበው ካለፈው ዝናብ ጀምሮ ነው" አለች።

ስዊ ኪም እጇ ቆመ። "ምን?"

"ቡን ቴክ በተቀበረ ሰሞን ነው የጀመረው። ሳፋ አስቀመጥኩበት። አልጋዬን ሁለቴ አዛወርኩ፤ እርጥበቱም እግር በእግር ተከተለኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልጅሽ ቢሰማ በማግስቱ ነበር ገንዳውን የሚያስወጣው። ደግሞስ ሐዘን የተቀመጠች ሴት ቤት ወጥቼ ስለ ኮርኒስ ላወራ? ምን ዓይነት ሰው ታደርጊኛለሽ?" ዛይቶን ፊቷን ወደ ትከሻዋ አዙራ አበሰች። "ብናገር ኖሮ አበባዋ እዚህ አትደርስም ነበር። እኔም አለሁበት በይ።"

ስዊ ኪም እንባዋን አልደበቀችም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ፊት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። በዚህ መሐል የአበባዋ እግር ለቀቀ። ቀዝቃዛና ልስልስ ሆና በዛይቶን መዳፍ ላይ አረፈች፤ ስዊ ኪም እጇን ከሥር ደረበች፤ ተያይዘው ወደ ሳፋው አወጧት።

ዛይቶን ብድግ አለች። "ጨው ላምጣ? ከታች ሙሉ ከረጢት አለኝ።"

"የወጥ ጨው አይሆናትም። የእሱ የባሕር ጨው አልጋ ሥር አለ።" ስዊ ኪም ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "ባንዴ ቢጨመርላትም ትሞታለች። ጥቂት በጥቂት ነው፣ እየጠበቁ።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ሳምንት ሳይሞላ አይቀርም።"

ዛይቶን ወለሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ውሃ ያልነካው ቦታ ፈልጋ ከሳፋው አጠገብ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠች።