የአስታዋሹ ድምፅ

አሮጊቷ አረንጓዴውን ቆርቆሮ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ክዳኑን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። «ይኸው፣ እንዳልሽኝ እየወሰድኩ ነው። ሊያልቅብኝ ስለሆነ አንድ ጨምሪልኝ» ይላሉ።

ፋርማሲስቷ ቆርቆሮውን አንስታ ታየዋለች። የሚስቅ ሽማግሌ ተስሎበታል፤ ከሥሩ «ስኳርን ነቅሎ የሚጥል ዱቄት» የሚል ተጽፏል። እዚህ መድኃኒት ቤት ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ስትቆም እንዲህ ያለ ጉድ መደርደሪያዋ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

«እማማ፣ ይኼን ከየት አመጡት?»

«ካንቺው ነዋ! ስልኩ ላይ ስትነግሪኝ ነካሁት፤ በሞተር ቤቴ ድረስ አመጡልኝ።»

«ኢንሱሊኑስ?»

«ዱቄቱ ካለ መርፌው ምን ይሠራልኛል? ዛሬ ዘጠኝ ቀኔ። ተመስገን ነው፣ ሆዴ ወንፊት ሆኖ ነበር እኮ።»

ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ትለካለች። አራት መቶ ሰባ። ቁጥሩን ደግማ ታየዋለች። ከዚያ ፊቷን እንደምንም አስተካክላ፣ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁትን ጡረተኛ ሹፌር «ጋሼ፣ እባክዎ ታክሲ ይጥሩልኝ፤ እማማ አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው» ትላቸዋለች። ሹፌሩ ማዘዣቸውን ባንኮኒው ላይ ጥለው ይወጣሉ።

«እኔ ደኅና ነኝ። ውኃ ውኃ ይለኛል እንጂ ምንም አልሆንኩ» ይላሉ አሮጊቷ። ተቀይመዋል። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ይዘረጉላታል። «ካላመንሽኝ የገዛ አፍሽን ስሚው!»

ስልኩ ላይ የተከፈተው «አስታዋሽ» የሚባለው አፕ ነው። የፋርማሲስቷ እናት መርፌዋን መውጋቷን ረስታ፣ ደግማ ወግታ በሞተች በዓመቱ የፋርማሲስቷ ታናሽ ወንድም የሠራው። ኮዱን ለማንም ክፍት አድርጎ ነው የለቀቀው፤ የሚያውቅ ሰው ሆዱን ከፍቶ ምን እንደሚሠራ ማየት ይችላል፤ የሚደበቅ ነገር የለም ብሏት ነበር። እሷም አምና ከባንኮኒው በላይ ካርቶን ሰቅላለች፦ «ነጻ ነው። ማስታወቂያ የለውም። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።» የሰፈሩ ስኳር በሽተኛ ሁሉ በሷ ቃል ነው የጫነው። መጫን ላቃተው ደግሞ በገዛ ጣቷ ጭናለታለች።

ድምፁም የሷ ነው። ማንበብ ለማይችሉት ድምፅ አውጥቶ የሚናገር ነገር ያስፈልጋል ብላ፣ ከጓዳው መጋዘን ውስጥ በግሉኮስ ካርቶኖች መሀል ተቀምጠው ቀዱት። የፍሪጁ ጉርምርምታ እየገባ ቢያስቸግራቸው ለዐሥር ደቂቃ አጠፉት፤ እሷ ባንድ ዓይኗ የኢንሱሊኑን ቴርሞሜትር እየጠበቀች ቀዳች። የመድኃኒት ስም አልጠራችም። ሰው ሁሉ የሚወስደው ይለያያል፣ ለሁሉም እንዲሆን ብላ ነው። ሽማግሌ ባንድ ጊዜ አይሰማምና ሦስት ጊዜ ይድገመው ያለችውም ራሷ ናት። «ጎሽ፣ የኔ ዶክተር!» ብሎ ወንድሟ ግንባሯን ስሟት ነበር።

አሁን ስልኩን ትነካዋለች። አረንጓዴው ቆርቆሮ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ሽማግሌው ይስቃል። ወዲያው ተከትሎ፣ ለስላሳና የሚያባብል፣ የገዛ ድምፅዋ ይወጣል፦ «መድኃኒቱን አሁን ይውሰዱ። እንዳይረሱ።»

የአሮጊቷን ስልክ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ በራሷ ስልክ ወንድሟ ጋ ትደውላለች።

«አስታዋሽን ምን አደረግኸው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ምነው፣ አልሠራ አለ?» ይላታል።

«ማስታወቂያ ገብቶበታል። በኔ ድምፅ ዱቄት እየተሸጠ ነው!»

ከጀርባው ሰዎች ሲስቁ ይሰማታል፤ አዲስ ቢሮ መሆን አለበት። «ሸጥኩት እኮ፣ እህት ዓለም። ባለፈው ወር። ልነግርሽ ነበር።»

«ማንም ያየዋል፣ የሚደበቅ የለም ያልከኝስ?»

«የድሮው ኮድ አሁንም ክፍት ነው። እነሱ የራሳቸውን ጨምረው ዘጉት፤ የለቀቅኩበት ፈቃድ አይከለክላቸውም። ድምፅሽም አብሮ ነው የተለቀቀው። ማንም እንዲጠቀምበት ፈርመሻል።»

«ያስፈረምከኝ አንተ ነህ! ለምስኪኖቹ ነው ብለህ!»

«ስድስት ዓመት ብቻዬን ነው የጠገንኩት። ታከተኝ። አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥህ አላለኝም።»

«እኔ አላልኩህም?» ትላለች። «እማማ አራት መቶ ሰባ ገብተዋል። እኔ የነገርኳቸው መስሏቸው።»

«ከስልካቸው አጥፊላቸው በቃ» ይላል ቀስ ብሎ።

ለስንቱ? ብላ አትጠይቀውም፤ ትዘጋዋለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስንቴ ሰምታለች፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ ግን በዚህ ጠርጥራው አታውቅም። ያንገበግባታል። ቀና ብላ ካርቶኑን ከነፕላስተሩ ትገነጥለዋለች።

ውጭ ታክሲ ጡሩንባ ይነፋል። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ አሮጊቷ አጠገብ ትቆምና አንድ እጃቸውን ትይዛለች። «እማማ፣ ይስሙኝ። ያንን ዱቄት እንዳይነኩት። ይውሰዱ ያልኩዎት እኔ አይደለሁም።»

ወዲያው ስድስት ሰዓት፣ የአስታዋሹ ሰዓት፣ ይሞላል። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ይናገራል፦ «መድኃኒቱን አሁን ይውሰዱ። እንዳይረሱ።»

«እሺ ልጄ» ይላሉ አሮጊቷ፣ እንደለመዱት፣ ለስልኩ። ሌላው እጃቸው ወደ ቆርቆሮው ይሄዳል። ፋርማሲስቷ ክዳኑን በመዳፏ ትጫነዋለች።

ስልኩ ይደግመዋል።

አሮጊቷ ስልኩን ያያሉ፤ ከዚያ እሷን ያያሉ። እጃቸውን ከእጇ ውስጥ ቀስ አድርገው ያወጣሉ።

«የትኛሽን ልመን?» ይላሉ።

አፏን ትከፍታለች። ስልኩ ገና አንድ ጊዜ ይቀረዋል፤ ድምፅዋ እስኪጨርስ ትጠብቃለች።