ሆፒ ከመውደቁ በፊት የሚላት ቃል

«እሜቴ፣ ማሳል የለም፣ ማስነጠስ የለም። ወንበሩንም እንዳያንቋቁት» ይላታል በር ጠባቂው። ከቀረጻ ክፍሉ በር በላይ ያለችው ቀይ አምፖል ትበራለች።

ዙዛና ትንፋሿን ትውጣለች። ልጇ ሽቴፋን መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። የታመመ ግራ ጉልበቱን ጠዋት በፍላኔላ ጠቅልላ ያሰረችለት እሷ ናት፤ ሱሪው ሰፊ ስለሆነ አይታወቅም። ቁርስ አልበላም። በባዶ ሆድ ከፍታ ላይ መቆም ራስ ያዞራል ብትለው «እማ፣ ዛሬስ አትጨቅጭቂኝ» አላት።

ዛሬ ፈተናው ነው። ድምፅ አልባው ፊልም መናገር ከጀመረ ወዲህ ኩባንያው የድሮ አስቂኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይፈትናል፤ ያላለፈውን በዚያው ያሰናብታል። ሽቴፋን ከዚህ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም።

ሕዝቡ ሽቴፋን ብሎ አያውቀውም፤ በፊልም ስሙ ሆፒ ነው የሚለው። የሆፒ የእንጨት አሻንጉሊት የሌለበት ቤት አልነበረም። ሆፒ ከጣሪያ፣ ከባቡር፣ ከፈረስ ይወድቃል፤ ከመውደቁ በፊት ግን ሁልጊዜ ከንፈሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሚል አገር ተከራክሮበታል። አንዱ ጋዜጣ ጸሎት ነው አለ፣ ሌላው ስድብ። ከንፈር የሚያነቡ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንኳ «ይሄ የሰው ቋንቋ አይደለም» ብለው ጻፉ። ዙዛናም አታውቅም። ልጇ ሲወድቅ ማየት ስለማትችል፣ ሲኒማ ቤት ገብታ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኗን በመሐረብ ትሸፍናለች።

ፊልሙ ድምፅ አልባ ሳለ ቀረጻው ገበያ ነበር። ቫዮሊን ይመታል፣ ከጎን አናጢዎች ይቀጠቅጣሉ፣ አዘጋጁ ይጮሃል፤ የካሜራው ሰው ሆዱን ይዞ በሳቅ ሲንፈራፈር ሽቴፋን መውደቁ እንደሠመረ ያውቃል። አሁን ዝንብ ብትበር ትሰማለች።

መሰላሉ ይንገዳገዳል። ዙዛና ዛሬ መሐረቧን አላወጣችም። ሽቴፋን አንድ ነገር ያጉተመትማል፣ ከዚያ ይወድቃል። አጥንቱ ወለሉን ሲመታ ትሰማዋለች። ከደረቱ የሚወጣውን «እህ!» ትሰማዋለች። ሀያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር ማለት ነው?

«በቃ!» ይላል አዘጋጁ ክራንደል። አምፖሏ ትጠፋለች።

ሽቴፋን እንደተጋደመ ፈገግ ይላል። «እንግዲህ መሳቅ ተፈቅዷል።»

የሚስቅ የለም።

የድምፅ ባለሙያው ሎማክስ ከመስታወት ክፍሉ አንገቱን ያወጣል። «አንድ ነገር ተናግሯል። ስድብ ከሆነ ሲኒማ ቤቶቹ አይቀበሉንም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» ይላል ሽቴፋን እየተነሳ። «ድሮ መቼ ይሰማ ነበር! አፌን እዘጋለሁ፣ እንድገመው።»

«ቆይ፣ ቆይ። ምንድነው ያልከው?»

ሽቴፋን ወደ እናቱ ያያል፤ እንዳትነግሪያቸው ብሎ ራሱን ትንሽ ይነቀንቃል። እሷ ግን ሌላ ይመስላታል። በስድብ ሰበብ ሊያባርሩት ነው፣ ድረሺልኝ እያለኝ ነው ብላ ዘላ ትነሳለች።

«ስድብ አይደለም! የልጄ አፍ ንጹሕ ነው። በስሎቫክኛ ነው የተናገረው። ‹እማ፣ እዪኝማ› ነው ያለው። ልጅ ሆኖ ከሰፈራችን የከሰል ማከማቻ ጣሪያ ሊዘል ሲል እንዲህ ነበር የሚለኝ…» ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው። እዪኝማ። እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ዓይኗን በመሐረብ ሸፍና።

መጀመሪያ በሳቅ የሚፈነዳው የካሜራው ሰው ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

«እማ? የእማዬ ልጅ!»

«ኧረ ጡጦ አምጡለት!»

«ጡት አላስጣሉትም እንዴ፣ እሜቴ?»

ክራንደል እንባውን ይጠርጋል። «አገኘነው! ይሄ ነው የጎደለን። በእኛ ቋንቋ ድገመው፤ ድምፅህን እንደ ሕፃን አቅጥነህ፣ እጅህን ወደ እናትህ ዘርግተህ።»

«ክራንደል፣ ይሄንንስ አልልም።»

«ደግ፣ ደህና ሁና። ውጪ መዝፈን የሚችሉ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።»

ሽቴፋን መሰላሉን ይወጣል። ድምፁን አቅጥኖ ይለዋል፣ ይወድቃል። አሁን ደግሞ ማንም አይስቅም። «አልቅስበት!» ይላል ክራንደል። ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ ይወድቃል። «ከንፈርህን ጣል!» ፍላኔላው ተፈትቶ ከሱሪው ሥር ተንጠልጥሏል። ሄዳ ብታስርለት ደስ ባላት፤ ግን ጉልበቱን አይተው ይጥሉታል ብላ ትፈራለች።

እንደገና ይወጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀና ሳይል በራሳቸው ቋንቋ፣ በድሮው ወፍራም ድምፁ አንድ ነገር ይላታል።

«እማ፣ አትዪኝ። ውጪልኝ።»

«ደግሞ አሁን ምን አለ?» ይላል ሎማክስ። ሁሉም ለሌላ ሳቅ ጥርሱን አሹሎ ወደ ዙዛና ይዞራል።

«ውሃ ጠማኝ ነው የሚለው» ትላለች።

ቦርሳዋን አንስታ ትወጣለች። በር ጠባቂው ከኋላዋ ይዘጋዋል። በሩ ወፍራም ነው፤ ድምፅ እንዳይገባም እንዳይወጣም በሱፍ ተሞልቷል። ውጪው ብሩህ ፀሐይ ነው። የንጉሥ ልብስ የለበሱ ተዋንያን ሳንድዊች እየገመጡ ያልፋሉ።

ጆሮዋን በሩ ላይ ታስጠጋለች። ምንም አይሰማም። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ እንጨቱ ላይ ትለጥፋለች። ትንሽ ቆይቶ፣ የመውደቁ ንዝረት ከወለሉ በመቃኑ በኩል ወጥቶ፣ መዳፏ ላይ ድብ ይላል። እጇን አታነሳም። ድብ።