የእትዬ እጅጌ

«ከወለድኳት አላሳንሳትም! ልጄ ናት!» እያሉ እትዬ ወርቅዬ በጅቡቲው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረታቸውን ይደቁ ነበር። የቤት ሠራተኛቸው ቦንቱ አልጋው ላይ ተጋድማ ትሰማቸዋለች። መስኮታቸውን ስትወለውል ከፎቅ ወድቃ ጭኗ ተሰብሯል፤ ደሟም ብዙ ፈስሷል። እንኳን ልጄ ሊሏት፣ እስከዚያች ቀን «አንቺ» እንጂ በስሟም ጠርተዋት አያውቁም።

ድሬዳዋ ያደገችው ሶማሌ ነርስ በጥሩ አማርኛ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ እናት። ቅድም ከጣትዎ ወስደን የመረመርነው ደምዎ ከልጅዎ ጋር ይስማማል። ደም ካልተገኘ ቀዶ ጥገናው አይጀመርም፤ ይቀመጡ» አለቻቸው። እትዬ ለወሬ ያህል እስከ ክርናቸው ሰብስበውት የነበረውን እጅጌ ቀስ እያደረጉ እስከ አምባራቸው መለሱት። «እኔ እኮ መርፌ ያዞረኛል። ደግሞም ጾም ላይ ነኝ። ሌላዋን ሠራተኛዬን ከካርቲየ 5 ሰፈር ላስጠራላችሁ?»

እጁን በፋሻ የታሰረ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ «አይ እናት!» ብሎ ሲስቅ ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ይህን ጊዜ ተቀመጡና ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ድምፃቸውን ግን ሰው እንዲሰማ ከፍ አደረጉት። «አየሽ ልጄ፣ ደሜን ልሰጥሽ ነው! ከእንግዲህ ከቤቴ ብትወጪ ደሜ ይፋረድሽ!»

ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ወደ ቦንቱ ጎንበስ አለች። «ካልፈለግሽ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለቻት በሹክሹክታ።

ቦንቱ ዝንብ የገባበትን ወጥ እንደሚያይ ሰው እመቤቷን አንድ ጊዜ አየቻቸው።

«ከእሳቸው ውሰጂ» አለች። «ደሙ ምን በደለ?»